አንድ ቁልፍ ለብዙ በር፤ መዝገቡስ በማን እጅ ነው?



ባለፈው ሴሚስተር አንድ የክፍል ጓደኛዬ ለነፃ ትምህርት ዕድል የሚያመለክትበት ቀን ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፥ እዚሁ ሐረር ከጀጎል ግንብ ውጭ ወዳለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ሄደ። ማመልከቻውን የሚቀበለው ድረ ገጽ አዲስ ስምና አዲስ የይለፍ ቃል አውጣ ብሎ አላስቸገረውም፤ «በኢሜይልህ ግባ» የሚል በተን አሳየው፤ እርሱም ነካው፤ ገባም። ወዲያው ብራውዘሩ «የይለፍ ቃልህን ላስታውስልህን?» ሲል ጠየቀው። ጓደኛዬ ሐሳቡ ማመልከቻው ላይ ነበርና «አዎን» አለ። ሥራውን ሲጨርስ ገጹን ዘጋ፤ ሒሳቡን ከፈለ፤ ወጣ። ብራውዘሩ ግን ስሙንም የይለፍ ቃሉንም እንደ ያዘ ቀረ።

ከእርሱ በኋላ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በማግስቱ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ተለውጦ ተገኘ። ኢሜይሉ ሲዘጋበት በኢሜይሉ አማካይነት ይገባባቸው የነበሩት በሮች ሁሉ አብረው ተዘጉ፤ የኮርስ ማስታወሻዎቹን ያስቀመጠበት፥ መጻሕፍት የሚያነብበት፥ ከሁሉ ይልቅ ማመልከቻውን የጀመረበት ድረ ገጽ ተዘጋበት። አንድ የጎደለ ወረቀት ሳያስገባ ቀኑ አለፈ።

ነገሩ በመኝታ ቤታችን ሲወራ አብዛኞቻችን «ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ለምን አልዘጋውም?» አልን። እኔም ከተናገሩት አንዱ ነበርሁ። ኋላ ግን ነገሩን ባጠናው ጊዜ ከአንድ ሰው ግድየለሽነት የሚያልፍ ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ ያለውን መግቢያ በየቀኑ ሁላችንም እንጠቀምበታለን፤ እንዴት እንደሚሠራ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። የአርት ፋኩልቲ ተማሪ እንደ መሆኔ ስለ ማሽኑ ጥልቅ ዕውቀት የለኝም። ሆኖም አንድ ሰው «እኔ እገሌ ነኝ» ሲል ማን ይመሰክርለታል? ምስክሩስ በምላሹ ምን ያገኛል? የሚለው ጥያቄ የኢንጂነሮች ብቻ ጥያቄ አይደለም።

ነገርን ከሥሩ

ድረ ገጽ በባሕርዩ የሰው ፊት አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ስምና ምስጢር ይጠይቃል። ድረ ገጾቹ ሲበዙ ምስጢሩም ይበዛል። ሰው ደግሞ ሠላሳ ምስጢር በቃሉ መያዝ አይችልምና አንዱን የይለፍ ቃል በሠላሳውም በር ላይ ያኖረዋል። ከሠላሳው አንዱ፥ ምናልባትም ከሁሉ ደካማው፥ በሌባ ሲሰበር ሃያ ዘጠኙም ተከፈቱ ማለት ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል የተፈጠረው ዘዴ «አንድ ጊዜ መግባት» ሊባል ይችላል። ዘዴው ከአገራችን የዋስና የምስክር ልማድ ጋር በጣም ይመሳሰላል። በጉዳዩ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፤ አንደኛው ባለጉዳዩ ነው፤ ሁለተኛው መግባት የተፈለገበት ድረ ገጽ ነው፤ እርሱን በረኛ እንበለው፤ ሦስተኛው ባለጉዳዩን አስቀድሞ የሚያውቅ ድርጅት ነው፤ እርሱን ምስክር እንበለው። ባለጉዳዩ ወደ በረኛው ሲመጣ በረኛው «አላውቅህም፤ ምስክርህ ዘንድ ሂድ» ብሎ ይልከዋል። ባለጉዳዩ ምስጢሩን ለምስክሩ ብቻ ይናገራል። ምስክሩም «ይህ ሰው እገሌ ነው፤ ይህንም የጻፍሁት ለዚህ በረኛ ነው» የሚል፥ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። በረኛው ማኅተሙን መርምሮ ያስገባዋል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ኦፕን አይዲ ኮኔክት የተባለው ደንብ በ2014 (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የወጣ ሲሆን አካሄዱ በአጭሩ ይኸው ነው።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። በረኛው የይለፍ ቃላችንን ከቶ አያይም፤ ስለዚህ ቤቱ ቢሰበር ሌባው የይለፍ ቃላችንን አያገኝም። እኛም ሠላሳ ምስጢር ከመያዝ አንድ ጠንካራ ምስጢር መያዝ ይበቃናል። ጥያቄው ግን ከዚህ ይጀምራል።

የሐረር በሮች ያስተማሩን

በከተማችን ታሪክ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። በ16ኛው ምእት ዓመት በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገረው የጀጎል ግንብ አምስት የቀድሞ በሮች አሉት፤ በአማርኛ ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር እየተባሉ ይጠራሉ። ነጋዴው እንደ መጣበት አገር በየበኩሉ ይገባ ነበር። ሆኖም በ1855 ወደ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንደ ጻፈው፥ ማታ በሮቹ ሲዘጉ ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይወሰዱ ነበር፤ ከዚያም በኋላ እስኪነጋ ድረስ ከከተማው መውጣት የሚችል አልነበረም።

ልብ በሉ፤ በሮቹ አምስት ናቸው፤ በቀን ሲታዩ አምስት የተለያዩ በሮች ይመስላሉ። ማታ ግን ሁሉም በአንድ ቤት ያድራሉ። የከተማው ደኅንነት በአምስቱ በሮች ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በዚያ በአንዱ ቤት ጥበቃ ላይ የተመሠረተ ነበር። ቤቱ በታማኝ እጅ ከሆነ ከተማው በሰላም ያድራል፤ ቤቱ ቢደፈር ግን አምስቱን በር አንድ በአንድ መስበር አያስፈልግም። የጓደኛዬም ዕጣ ይህ ነበር። ሌባው አንድም ድረ ገጽ አልሰበረም፤ ቁልፎቹ ወደሚያድሩበት ቤት ገባ እንጂ።

በዓለምም የሆነው ይኸው ነው። ማይክሮሶፍት በ1999 ፓስፖርት የተባለ አንድ መግቢያ ለብዙ ድረ ገጾች አቀረበ። ድርጅቱ ስለ መረጃ ጥበቃው የሰጠው ተስፋ እውነተኛ አይደለም የሚል ክስ ተነሥቶበት በ2002 ከአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጋር በስምምነት ጨረሰ። በመስከረም 2018 ደግሞ ፌስቡክ የ50 ሚሊዮን ያህል ሒሳቦች መግቢያ ምልክት ለአደጋ መጋለጡን አስታወቀ፤ በኋላ በተደረገው ምርመራ በእርግጥ የተወሰደባቸው ወደ 30 ሚሊዮን እንደሆኑ ገለጸ። እነዚያን ሰዎች ያስጨነቃቸው የፌስቡክ ገጻቸው ብቻ አልነበረም፤ በፌስቡክ ስም የሚገቡባቸው ሌሎች በሮች ጭምር ነበሩ።

የቀበሌ መታወቂያና የስልክ ጥሪ

ከቁልፉ መጥፋት ሌላ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሁለተኛ ጉዳይ አለ። እርሱም የመዝገቡ ጉዳይ ነው።

አንድ ሰው ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በአንድ ሆቴል ለማደር የቀበሌ መታወቂያውን አሳየ እንበል። የሆቴሉ ጸሐፊ ስሙንና ማኅተሙን አይቶ ክፍል ይሰጠዋል። መታወቂያውን የሰጠው ቀበሌ ሰውየው የት እንዳደረ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። አንድ ጊዜ መስክሮ ወረቀቱን ለባለቤቱ ሰጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን የት እንደሚያሳይ የሚመርጠው ባለቤቱ ነው።

አሁን ሌላ አሠራር እናስብ። መታወቂያ የለም፤ ነገር ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር የሆቴሉ ጸሐፊ ወደ ቀበሌው ስልክ ይደውላል፤ «እገሌ የተባለ ሰው እዚህ መጥቷል፤ ታውቁታላችሁን?» ይላል። ቀበሌውም «እናውቀዋለን» ብሎ ይመልስና በመዝገቡ ላይ «እገሌ፥ ድሬዳዋ፥ በዚህ ሆቴል፥ በዚህ ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ሆስፒታል ሲሄድ ይደወላል፤ ጋዜጣ ሲያነብ ይደወላል፤ ሥራ ሲፈልግ ይደወላል። ዓመት ሳይሞላ መዝገቡ የሰውየውን ኑሮ ከእናቱ ይልቅ ያውቃል።

«በኢሜይልህ ግባ» ስንባል የምንገባው በአመዛኙ በሁለተኛው አሠራር ነው። ምስክሩ የት የት በር እንደ ሄድን በየጊዜው ይሰማል። ክፋት አስቦ ነው አልልም፤ አሠራሩ ራሱ እንዲሰማ ያደርገዋል። እንግዲህ አንድ ሰው ስለ በሽታው ያነበበበትን፥ ሥራ ያመለከተበትን፥ የተከራከረበትን ቦታ ሁሉ አንድ ድርጅት አጠቃልሎ ሲያውቅ ይህ ቀላል ነገር ነውን?

ብራውዘሩ በመካከል ቢገባስ?

እዚህ ላይ አንዳንድ ሊቃውንት «ምስክሩና በረኛው በቀጥታ ከሚነጋገሩ በባለጉዳዩ እጅ ያለው ብራውዘር ለምን አያገናኛቸውም?» የሚል ሐሳብ አመጡ። ብራውዘር ማለት ድረ ገጽ የምናይበት ፕሮግራም፥ ማለትም ክሮም፥ ፋየርፎክስ፥ ሳፋሪና የመሳሰሉት ነው።

የፋየርፎክስ ባለቤት የሆነው ሞዚላ በ2011 ብራውዘር አይዲ የተባለውን ዘዴ አወጣ፤ በኋላም ፐርሶና ብሎ ሰየመው። ሐሳቡ ከቀበሌ መታወቂያ ጋር አንድ ነው። ኢሜይላችንን የሚጠብቀው ድርጅት ለብራውዘራችን ለአጭር ጊዜ የሚጸና የተፈረመ ወረቀት ይሰጣል፤ ብራውዘሩ ያንኑ ይዞ ለየበረኛው ያሳያል፤ በረኛው ፊርማውን ይመረምራል። ምስክሩ ግን ወረቀቱ ለማን እንደ ታየ አይነገረውም። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ድረ ገጾች አልተቀበሉትም፤ ብዙዎቹ የኢሜይል ድርጅቶችም ምስክር ለመሆን አልመጡም። ስለዚህ ሞዚላ ራሱ በእነርሱ ፈንታ ምስክር ሆኖ ይቆም ነበር። በመጨረሻ በኅዳር 30 ቀን 2016 ተዘጋ። መልካም ሐሳብ ጠባቂና ተከታይ ካላገኘ እንደማይጸና ከዚህ እንማራለን።

ነገር ግን ጥያቄው አልሞተም። አስታዋሹ ኩኪ የተባለው ነገር ሆነ። ኩኪ ማለት ድረ ገጽ በብራውዘራችን ውስጥ የሚያኖረው ትንሽ የምልክት ወረቀት ነው። በዚህ ምልክት የማስታወቂያ ድርጅቶች ሰውን ከድረ ገጽ ወደ ድረ ገጽ እየተከተሉ ስላስቸገሩ ሳፋሪ በ2020 የሌላ ወገን ኩኪን በሙሉ ከለከለ። ሆኖም የአንድ ጊዜ መግቢያው ዘዴም በከፊል በዚያው ኩኪ ይሠራ ነበርና ሰላዩን ለመከልከል የተዘጋው በር ደንበኛውንም አስቀረ። ብራውዘሩ ለመግባት የመጣውን ከሚከታተለው መለየት አልቻለም።

ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ ፌድሲኤም የተባለ ደንብ ተሰናዳ፤ በክሮም ውስጥ በ2022 መጨረሻ ገባ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጹ መግቢያ ሲጠይቅ ብራውዘሩ ራሱ ወደ ምስክሩ ሄዶ «ይህ ሰው በአንተ ዘንድ በምን ስም ይታወቃል?» ይላል፤ የላከውን ድረ ገጽ ስም ግን አይነግረውም። በሌላ በኩል ስለ ድረ ገጹ ሲጠይቅ ባለጉዳዩ ማን እንደ ሆነ አይገልጽም። ከዚያ በራሱ መስኮት «በዚህ ስም ወደዚህ ድረ ገጽ ልግባን?» ብሎ ያሳየናል። እሺ ስንል ብቻ ሁለቱ ይገናኛሉ። እንቢ ካልን ምስክሩ ወዴት ልንሄድ አስበን እንደ ነበር አያውቅም። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ሆኖም እሺ ካልን በኋላ ምስክሩ የድረ ገጹን ስም ያውቃል፤ ስለዚህ አሁንም የስልክ ጥሪው አልቀረም፤ ከመደወሉ በፊት ፈቃዳችን ተጠየቀ እንጂ።

ብራውዘሩስ የማን ነው? ይህን ሳይጠይቁ ማለፍ አይገባም። በመስከረም 2018 የወጣው 69ኛው የክሮም እትም፥ ሰው ወደ ጂሜይል ሲገባ ብራውዘሩም በዚያው ስም ራሱን እንዲያስገባ አድርጎ ነበር። ብዙ ሰዎች ተቃወሙ፤ በሚቀጥለው እትም ይህን ማጥፊያ አማራጭ ተጨመረ። አስታራቂው ሽማግሌ የአንዱ ወገን ዘመድ ሲሆን ዳኝነቱን በጥንቃቄ ማየት ተገቢ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ፓስኪ የተባለው ዘዴ ምስክርን ጨርሶ ያስቀራል። ስልካችን ወይም ኮምፒዩተራችን ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የተለየ ቁልፍ ይሠራል፤ ከቁልፉ አንዱ ክፍል በድረ ገጹ ይቀመጣል፤ ምስጢሩ ክፍል ለድረ ገጹ ከቶ አይሰጥም፤ እኛም በጣት አሻራ ወይም ስልኩን በምንከፍትበት ቁጥር እናዘዋለን። መሠረቱ የሆነው ደንብ በመጋቢት 2019 የጸደቀ ሲሆን አፕል፥ ጉግልና ማይክሮሶፍት በ2022 በአንድነት ሊያስፋፉት ተስማሙ። በዚህ ዘዴ የት እንደ ገባን የሚመዘግብ ሦስተኛ ወገን የለም። ችግሩ ግን የራሱ ስልክ ለሌለው ወይም ስልኩ ለጠፋበት ሰው መንገዱ አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

የአገራችን ምስክር

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። በ2015 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ፋይዳን ሕጋዊ አድርጎታል። ፋይዳ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን ከጣት አሻራችን፥ ከዓይናችን ብሌንና ከፊታችን ፎቶግራፍ ጋር የተያያዘ ነው። የተሠራበትም ሞሲፕ የተባለ፥ በህንድ አገር ተጀምሮ ብዙ አገሮች በነፃ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ነው። ባንኮች ደንበኛን ለመለየት ይጠቀሙበታል፤ ወደ ድረ ገጽ አገልግሎት ለመግባትም በዚያው በኦፕን አይዲ ኮኔክት ደንብ ምስክር ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ማረጋገጫው ወደ ተመዘገበው ስልካችን በሚላክ አጭር ቁጥር ነው።

ፋይዳ የሚያስገኘው ጥቅም ብዙ ነው፤ በተለይ መታወቂያ ለማግኘት ቀበሌ ለቀበሌ ይንከራተት ለነበረው ሕዝብ። ነገር ግን ለማይክሮሶፍትና ለፌስቡክ ያቀረብነውን ጥያቄ ለራሳችንም ምስክር ማቅረብ ይገባናል። ቁልፉ ቢጠፋ ባለቤቱ በስንት ቀን ያስመልሳል? ስልኩን በአውቶቡስ መናኸሪያ የተሰረቀ ገበሬ ሲም ካርዱን እስኪያወጣ ማን ያስተናግደዋል? ሰውየው የት የት እንደ ተጠቀመ የሚጻፈው መዝገብ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ማንስ ያየዋል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አንድ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ መብት ሰጥቶታል፤ ቁጥጥሩንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አደራ ብሏል። ሕጉ ተጽፏል። የተጻፈ መብት ግን የሚጠይቀው ሰው ካልተገኘ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። ጠያቂው ማን ይሁን? የተማረው ካልጠየቀ ያልተማረው እንዴት ይጠይቅ?

ምን እናድርግ?

ከዚህ ጥናት ለራሴ ያወጣሁትን ልምድ ለጓደኞቼ ላካፍል።

አንደኛ፤ የራሳችን ባልሆነ ኮምፒዩተር ስንሠራ ምንም የማያስታውሰውን የግል መስኮት እንክፈት፤ ስንጨርስ መስኮቱን በሙሉ እንዝጋ። «ላስታውስልህን?» ሲለን መልሳችን ሁልጊዜ «አይደለም» ይሁን። ሆኖም በማሽኑ ውስጥ የምንጽፈውን የሚቀዳ ክፉ ፕሮግራም ካለ የግል መስኮቱ አያድነንም፤ ስለዚህ ዋናውን ቁልፋችንን በማናምነው ማሽን ላይ ከቶ ባናስገባ ይመረጣል።

ሁለተኛ፤ ሳንዘጋ ከወጣን ጊዜ ሳናጠፋ ከስልካችን ወደ ኢሜይላችን የደኅንነት ገጽ እንግባ። ስማችን ተከፍቶ የሚገኝባቸው ማሽኖች ዝርዝር አለ፤ ከዚያው ሆነን ማስወጣት እንችላለን። የይለፍ ቃላችንንም እዚያው እንለውጥ። ጓደኛዬ በዚያው ማታ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ማመልከቻው በተረፈለት ነበር።

ሦስተኛ፤ ስልክ ሲጠፋ የሚያገለግሉትን የመጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ጽፈን ከልደት የምስክር ወረቀታችን ጋር እናስቀምጥ።

አራተኛ፤ ቢጠፋብን በእውነት የምንጎዳበትን በር፥ እንደ ባንክና እንደ ነፃ ትምህርት ማመልከቻ ያለውን፥ በሚቻልበት ቦታ የራሱ የሆነ ቁልፍ እንስጠው። ሁሉንም በአንድ ማንጠልጠያ ላይ አናኑር።

አምስተኛ፤ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ በኢሜይላችን ምስክርነት የገባንባቸውን ድረ ገጾች ዝርዝር አውጥተን እንይ፤ የማንጠቀምበትን እንሰርዝ። እኔ ይህን ባደረግሁ ጊዜ መቼ እንደ ገባሁባቸው እንኳ የማላስታውሳቸውን አሥራ አንድ ድረ ገጾች አገኘሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ለመግባት መቅለሉ መልካም ነው። ነገር ግን በሩ ሲከፈትልን ከደስታችን ጋር ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ቁልፉ ማታ የት ያድራል? መግባቴንስ የሚጽፈው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይኖረን «አዎን» የምንል ከሆነ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ጓደኛዬ ብቻ አይደለም።

እርሱ ከሦስት ሳምንት ምልልስ በኋላ ኢሜይሉን አስመለሰ። ዘንድሮ እንደገና ሊያመለክት ተዘጋጅቷል። «ጥፋቱ የራሱ ነው» ካሉት አንዱ ስለ ነበርሁ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ማመልከቻውንም በእኔ ኮምፒዩተር እንሞላለን። በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ያገኘ፥ በተለይም ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች፥ በሚቀጥለው እትም ቢያርመኝ በደስታ እቀበላለሁ።